ለ8 ዓመት ልጅ ስለ ጨረቃና ስለ ጠፈር ጉዞ ምን ላንብብለት? (ደብረ ብርሃን)

የደብሬ እናት፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። ከጥቅምት ጀምሮ ከጨረቃ ሌላ ወሬ የለውም። በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ሰማይ እንዴት እንደሚጠራ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ኮከቡ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልጁ እራቱን በልቶ የአያቱን በርኖስ ይደርብና ደጅ ይወጣል። በርኖሱ መሬት ይጠርጋል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። እማ፣ እዚያ ላይ ሰው አለ? ምን ይበላሉ? ሽንት ቤታቸው የት ነው? ከዚያ ሆነው እኛን ያዩናል? የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን "ነገ እነግርሃለሁ" እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨምሮ ይመጣል።

መጽሐፍ ልግዛለት ብዬ ከተማውን ዞርኩ። ያገኘሁት ፊደል ማስቆጠሪያ፣ የተረት መጽሐፍና አጋዥ መጽሐፍ ነው። ስለ ጠፈር በአማርኛ ለልጅ የተጻፈ ነገር ዓይኔ አልገባም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሁለት ያገለገሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፎች ላከልኝ። ስዕላቸው ልብ ይነካል። አንዱ እውነተኛውን የጨረቃ ጉዞ የሚያስረዳ ነው፣ ሌላው የፈጠራ ታሪክ ነው። የፈጠራው ላይ ልጁ ራስ ቁር ሳያደርግ ጨረቃ ላይ ይሮጣል። የኔው ልጅ እንግሊዝኛው ስለማይገባው ስዕሉን እያየ የራሱን ታሪክ ይተርካል። ደስ ይላል፣ ግን ያልሆነ ነገር እውነት ነው ብሎ እንዳይዝ ፈራሁ።

ደግሞ አባቴ አለ፣ አብሮን ነው የሚኖረው። "ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው የለም፣ ፊልም ነው" ይለዋል። አባቴን ልጁ ፊት መሟገት አልፈልግም። ልጁ ግን ሁለታችንንም እያየ ግራ ተጋብቷል። እስቲ ምን ትሉኛላችሁ? በአማርኛ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ፣ ከሌለ ደግሞ የእንግሊዝኛውን እንዴት አድርጌ ላንብብለት?

መምህር ዘመንዝ፦

ሰላም እህቴ። እኔ መሐል ሜዳ ነው የማስተምረው፣ ሳይንስ። ጥያቄውን እንዳታስቆሚበት። እንደዚህ የሚጠይቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲገኝ ለመምህሩም በረከት ነው።

መጽሐፎቹን በደንብ ተጠቀሚባቸው። ግን ከመክፈታችሁ በፊት ልጁ ራሷን ጨረቃን ልብ ብሎ ይያት። ለምን መሰለሽ? ከውጭ በሚመጡት መጽሐፎች ላይ ለጋዋ ጨረቃ ሁልጊዜ ቆማ ነው የምትሳለው። ሠዓሊዎቹ የሚኖሩት አውሮፓና አሜሪካ ስለሆነ እነሱ የሚያዩዋት እንደዚያ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እዚህ መንዝ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ የምትታየው ለጋ ጨረቃ ጋደም ብላ፣ ሁለቱን ጫፎቿን እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ አድርጋ ነው። ተማሪዎቼን ክፍል ውስጥ ጨረቃ ሳሉ ስላቸው ሁሉም የቆመችውን ይስላሉ፣ መጽሐፍ ላይ ያዩዋትን ማለቴ ነው። ማታ ደጅ ወጥታችሁ አይታችሁ ሳሉ ስላቸው የተጋደመችውን ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ተማሪዬ ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ላጠገብ ዘርግታ "መምህር፣ የመጽሐፉ ስህተት ነው?" አለችኝ። ስህተት አይደለም፣ የሳላት ሰው የቆመበት አገር ሌላ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች እሱ ወደ ሰሜን ሄዶ ሲቆም ከኛ ጋር ሲነጻጸር ዘንበል ብሏል፣ ስለዚህ ጨረቃዋም ዞራ ትታየዋለች። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ስለ ምድር ክብነት ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሌላው ርቀቱ ነው። እኔ እስካሁን ባየኋቸው መጽሐፎች ምድርና ጨረቃ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተደርገው ነው የሚሳሉት። ገጹ አይበቃማ። እናንተ ግቢ ውስጥ ሥሩት። የእግር ኳስ ምድር ይሁን። ጨረቃ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ሎሚ ትሆናለች። ሎሚዋን ለልጁ ስጪውና "የት ላይ ትቆም?" በይው። ልጆች ሁሌ ኳሱ አጠገብ፣ ቢበዛ አንድ ክንድ ራቅ አድርገው ያስቀምጧታል። ትክክለኛው ቦታ ግን 6 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። ያኔ ነው ቁጥሩን የምትነግሪው። በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንን መንገድ ወደ 3,000 ጊዜ መሄድ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰው ጨረቃ ላይ ያደረሰችው የአሜሪካ መንኮራኩር አፖሎ 11 ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ተነስታ ጨረቃ ዙሪያ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፏታል።

ስለ ፈጠራው መጽሐፍ አትፍሪ። ልጅ የፈጠራ ታሪክ ይፈልጋል፣ ምኞቱን የሚያቀጣጥለው እሱ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ "እውነት ቢሆን ይህ ልጅ ምን ይሆን ነበር?" ብለሽ ጠይቂው። አየር የለም፣ ስለዚህ መተንፈሻውን ይዞ መሄድ አለበት። ፀሐይ የሚያርፍበት መሬት 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፣ ሌሊቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 130 እና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ቢጮህ ጓደኛው አይሰማውም፣ ድምፅ የሚያልፍበት አየር የለምና። ሰማዩ በቀን ጥቁር ነው። ልጁ 24 ኪሎ ቢመዝን እዚያ ሚዛኑ 4 ኪሎ ነው የሚለው። እንዲህ እያላችሁ አንዱን መጽሐፍ በሌላው ትፈትሹታላችሁ። ሁለቱንም ማግኘትሽ ጥሩ ነው።

የሸዋ ሮቢት አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ያለፍኩበት ስለሆነ ልንገርሽ። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ልጁ አጠገብሽ ተቀምጦ እያየሽ አታንብቢው፣ ምክንያቱም በየመስመሩ ቆም እያልሽ ስታስቢ ልጁ ይሰለቻል፣ ከዚያ ገጹን ራሱ መግለጥ ይጀምራል፣ ከዚያ አለቀ። እኔ ልጆቹ ሲተኙ ቀድሜ አነበዋለሁ። የያንዳንዱን ገጽ ሐሳብ በአማርኛ በራሴ አነጋገር ትንሽ ወረቀት ላይ እጽፍና ከጽሑፉ በላይ እለጥፈዋለሁ፣ እንዳይጎዳ ጠርዙን ብቻ። አሁን ትልቋ ልጄ የለጠፍኩትን ራሷ ለታናሽዋ ታነብላታለች። መጽሐፉ የአማርኛ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ልጆች ስለ ሮኬቱ ኃይል ብዙም አይጨነቁም። ያንቺ ልጅ የጠየቀውን ተመልከቺ፣ ምን ይበላሉ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው። የልጅ ጥያቄ ይህ ነው! ምድርን በሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ዳቦ ብዙም አይፈለግም፤ ፍርፋሪው ተንሳፎ ዓይን ውስጥና ዕቃ ውስጥ ይገባል። በምትኩ ቶርቲላ የሚባል ስስ ቂጣ ይይዛሉ። ልጆቼ ቂጣ ጠፈር መሄዱን ከሰሙ ወዲህ ቁርስ ላይ ክርክር የለም። ሽንት ቤቱ በአየር ስቦ የሚወስድ ነው፣ ሽንቱ ተጣርቶ መልሶ የሚጠጣ ውኃ ይሆናል። ይህን ስታነቢለት ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ግን አይረሳውም። በአፖሎ ጊዜ ሽንት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፣ በፕላስቲክ ከረጢት ነበር የሚጠቀሙት። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሲተኙ እንዳይንሳፈፉ የመኝታ ከረጢታቸውን ግድግዳ ላይ ያስሩታል።

ጣቢያው ያለው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ፀሐይ 16 ጊዜ ትወጣለች። ይህን ሳነብላት ትልቋ ምን አለችኝ? "አባ፣ ታዲያ ሱብሒ 16 ጊዜ ሊሰገድ ነው?" አለች፣ የንጋቱን ሶላት ማለቷ ነው። መልሱ እኔም ስለቸገረኝ ፈለግኩት። እ.ኤ.አ. በ2007 የማሌዥያው ጠፈርተኛ ሲሄድ የአገሩ ዑለማዎች መመሪያ አውጥተውለት ነበር። በ24 ሰዓት አምስቱን ሶላት፣ በተነሳበት ቦታ ሰዓት ቆጥሮ ይሰግዳል አሉ። ልጄ በጣም ነው የረካችው። የልጅ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ስለዚህ መጽሐፉ ያልመለሰውን ጥያቄ የምትጽፉበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ።

ጓሳ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። በክፋት አይደለም። የልጆች መጽሐፍ በጠፋበት አገር፣ ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ ስለ ጨረቃ መጻፍ መጀመሪያ የሚመጣ ነው? የመንዝ ልጅ ስለ ጓሳ ጥብቅ ስፍራችን የሚያነበው መጽሐፍ አለው? ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ሣሩ፣ አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ጓሳን በቄሮ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ በሚጠብቅበት ሥርዓት፣ እንዴት ጠብቀው እንዳቆዩት በስዕል የተዘጋጀለት አለ? ልጁ ከቤቱ ደጅ ያለውን ሳያውቅ 384,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ ይከነክነኛል። መጀመሪያ የራሳችንን እንጻፍ ነው የምለው።

የደብሬ እናት፦

ወንድሜ ጓሳ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል። የጓሳ መጽሐፍ ቢኖር እኔም ቀድሜ የምገዛው ነው። ግን ልጄን ጨረቃ ውደድ ያለው ሰው የለም። ራሷ በላዩ ላይ እየወጣች ነው የወደዳት። ለእሱ ጨረቃ ከጓሳ ትቀርበዋለች፣ በየማታው ያያታል፣ ጓሳን ግን አይቶት አያውቅም። በጨረቃ የጀመረ ልጅ ደግሞ እዚያ አይቆምም። ባለፈው ሳምንት "ጨረቃ ላይ ተራራ አለ ወይ?" ብሎ ጀምሮ የኛ ተራራ ከምን ተሠራ የሚል ጥያቄ ላይ ደረሰ። ማንበብ የሚያስወድደው ነገር ከየትም ይምጣ፣ እኔ ደስ ይለኛል።

የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ፣ አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። ወረቀት መለጠፉን ዛሬውኑ ጀመርኩት።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

እኔ ስለ አባትሽ ነው የምጽፈው። ልጅ ሆኜ ቆሎ ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ አሁን መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ያለሁት። ከሽማግሌ ጋር በማስረጃ ብቻ ከመጣሽ አይሆንም። መጀመሪያ እሳቸው የሚያውቁትን ይንገሩት።

አባትሽ የጨረቃን ሌሊት ይቆጥሩ እንደሆነ ጠይቂያቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ የገጠር ሰው ጨረቃ ስንት ሌሊቷ እንደሆነ ሳያይ ይነግርሻል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር፣ ደግሞ ፋሲካ የሚወጣው የፀሐይንና የጨረቃን አቆጣጠር በማስታረቅ ነው። ዓመቱ በፀሐይ 365 ቀን ነው፣ 12 የጨረቃ ወር ግን 354 ቀን ነው። የሚተርፈው 11 ቀን ነው፣ ጥንተ አበቅቴ የሚባለው እሱ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባለው የበዓል ማውጫ ቁጥር ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በየ19 ዓመቱ ጨረቃና ፀሐይ ተመልሰው ይገናኛሉ። የ2ኛ ክፍል ልጅ 365 ሲቀነስ 354 መሥራት ይችላል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው ይህን ቢሠሩ ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። መጽሐፈ ሄኖክም ውስጥ የጨረቃ ብርሃን እንዴት እየጨመረ እየቀነሰ እንደሚሄድ በቁጥር የሚናገር ክፍል አለ። አባቶቻችን ጨረቃን በጽኑ ሲመረምሩ የኖሩ ናቸው። አያትየው ይህን ሲያስታውሱ ጨረቃ የባዕድ ወሬ መሆኗ ይቀራል።

ከዚያ ቀኑን ንገሪያቸው። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈችው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ኒል አርምስትሮንግ የረገጣት ሊነጋ ሲል፣ ለ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ ሐምሌ 14 ማለዳ። በዝ ኦልድሪን ተከትሎት ወረደ፣ ማይክል ኮሊንስ ደግሞ ከላይ ብቻውን ጨረቃን እየዞረ ጠበቃቸው። "አባባ፣ ያን ክረምት የት ነበሩ? ሬዲዮ ይሰማ ነበር?" ብሎ ልጁ ይጠይቃቸው። ሰው የራሱን ዘመን ሲያነሱለት ልቡ ይከፈታል።

ማስረጃውንም አልተወውም። በአፖሎ 11፣ 14 እና 15 የሄዱት ጨረቃ ላይ መስታወት ትተው መጥተዋል። ዛሬም ከምድር የሌዘር ብርሃን ይላክና ከዚያ መስታወት ላይ ነጥሮ በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመለሳል። ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየራቀችን እንደሆነ የታወቀው በዚህ ነው። ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. 12 ሰዎች ረግጠዋታል፣ 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አምጥተዋል፣ በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች መርምረውታል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጨረቃን የምትዞር መንኮራኩር ያረፉበትን ቦታና የእግራቸውን ዱካ ፎቶ አንስታለች። ነፋስና ዝናብ ስለሌለ ዱካው አልጠፋም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን ያኔ የአሜሪካ ተፎካካሪ የነበሩት ሶቭየቶች ናቸው። ሬዲዮውን ሲከታተሉ ነበር፣ ውሸት ቢሆን ኖሮ ዝም የሚሉበት ምክንያት አልነበራቸውም።

የአረርቲ ሠዓሊ፦

ይህን ሁሉ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሥራዬ ስዕል ነው፣ ለትምህርት ቤት ግድግዳ፣ ለማስታወቂያ፣ የተገኘውን እሠራለሁ። ጓሳ የተባልከው ወንድሜ፣ የራሳችንን እንጻፍ ያልከው ልክ ነህ። ግን ጠፈር ላይም የራሳችን አለን!

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሉሲ የምትባል መንኮራኩር ላከ። ስሟ የተወሰደው ሐዳር ላይ ከተገኘችው ከኛዋ ድንቅነሽ ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. መንኮራኩሯ በማርስና በጁፒተር መካከል በአንዲት ትንሽ አስትሮይድ፣ ፀሐይን በምትዞር ድንጋይ፣ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው። በአማርኛ፣ እንዲሁ ድንቅነሽ ተብላ ነው በዓለም የተመዘገበችው። ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ፎቶው ሲመጣ አስገራሚ ነገር ታየ፣ ድንቅነሽን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ አለች። ጨረቃዋም ራሷ ሁለት የተጣበቁ ድንጋዮች ናት። ስሟን ሰላም አሏት፣ ዲኪካ ላይ በተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ስም። እስቲ አስቡት፣ ድንቅነሽና ሰላም እዚያ ላይ አብረው እየዞሩ ነው። ይህ በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኔ ይህን የሰማሁ ቀን እርሳስ አንስቼ ሰላምን ሳልኳት።

ለደብረ ብርሃን ልጅ ደግሞ ሌላ ገጽ አለኝ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ከተማችሁን እንደቆረቆሩ ሁላችሁም ትሰማላችሁ። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ሃሌይ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ነው የሚመለሰው። መጨረሻ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2061 ይመጣል። እህቴ፣ ልጅሽ ያኔ የ40ዎቹ ጎልማሳ ነው። የራሱን ልጆች ይዞ ያየዋል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማተሚያ ቤት እስክናገኝ አንጠብቅ። ትንሽ መጽሐፍ፣ 16 ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ልጁ ራሱ ቀለም የሚቀባው። እኔ እስላለሁ፣ ለስዕሉ ገንዘብ አልጠይቅም። መምህር ጽሑፉን ያስተካክሉልን። ፒዲኤፉን በቴሌግራም እንልቀቀው፣ የፈለገ ሰው ፎቶኮፒ ቤት ሄዶ ያሳትምና መሐሉን በስቴፕለር ይምታው። ለጋዋ ጨረቃ ጋደም ብላ ነው የምትሳለው፣ የመምህርን ነገር ይዣለሁ። አውራ ገጸ ባሕሪዋ በርኖስ የለበሰች ልጅ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ጓሳ፦

የድንቅነሽን ነገር አላወቅኩም ነበር፣ ተባረክ። የጓሳው መጽሐፍ ሁለተኛ ቁጥር ይሁን እንግዲህ። የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ፎቶ ብዙ አለኝ፣ ለስዕል ከረዳህ እልክልሃለሁ።

የደብሬ እናት፦

እንዴት ብዬ ላመስግናችሁ። ኳሱንና ሎሚውን እሑድ ሠራነው። ልጄ ሎሚዋን ኳሱ ላይ ልጥፍ አድርጎ ነበር ያስቀመጣት። 6 ሜትር ተኩሉን በሜትር ስንለካ ከበራፉ አልፎ ምድጃ ቤቱ ጋ ደረሰ። አባቴ በርጩማው ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ኋላ ላይ "እንዲህ ከራቀች እንዴት ደረሱ?" ብሎ ጠየቀ። "አልደረሱም" አላለም። ስለ 1961 ክረምት ስንጠይቀው ሬዲዮ ያለው አንድ ነጋዴ ቤት ሰው ተሰብስቦ እንደነበር ነገረን፣ እኔም ሰምቼው አላውቅም።

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ደብተራችን ላይ ቀርታለች፣ እርስዎ ይመልሱልን። ልጁ "ሎሚዋን ማንም ካልያዛት መሬት ትወድቃለች፣ ጨረቃን ማን ይዟት ነው የማትወድቀው?" ይላል። በአያቱ በኩል እግዚአብሔር ነው የሚል መልስ ተሰጥቶታል፣ እኔም አሜን ብያለሁ፣ እሱ ግን "በምን?" ይላል።

መምህር ዘመንዝ፦

የአያቱ መልስ ይቆይለት። "በምን" ለሚለው ግን እንዲህ በይው። ጨረቃ እየወደቀች ነው። ልክ እንደ ሎሚዋ ምድር ወደ ራሷ ትስባታለች። ልዩነቱ ጨረቃ ወደ ጎን በከፍተኛ ፍጥነት እየሄደች መሆኗ ነው፣ በአንድ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ።

ድንጋይ አስወርውሪው። ቀስ ብሎ ሲወረውር እግሩ ሥር ይወድቃል፣ በኃይል ሲወረውር ርቆ ይወድቃል። እጅግ በኃይል ቢወረወርና የሚያቆመው አየር ባይኖር፣ ድንጋዩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ክብ የሆነችው ምድርም ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች። ስለዚህ መውደቁ ሳይቆም ምድርን ይዞራል። ጨረቃ እንዲህ ናት። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉትም በዚሁ ምክንያት ነው፣ እዚያ የምድር ስበት ጠፍቶ አይደለም፣ ከነቤታቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው። ብዙ መጽሐፍ ይህን "ስበት የለም" ብሎ ያልፈዋል፣ ስትለጥፊ አስተካክለሽ ለጥፊው።

ሠዓሊው፣ ይህን ገጽ 7 ላይ አድርገው። ልጅቷ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ቆላው ድንጋይ ስትወረውር ሳላት፣ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ራቅ ብሎ፣ ሦስተኛው ምድርን ዞሮ ከጀርባዋ ሲመጣ። ጽሑፉን እስከ ዓርብ ጨርሼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።